በማን ነው የሚሳቀው? ስለ ጣሽ ማ ጣሽና ስለ ፖለቲካ ቀልድ

የዚህ ወር ትምህርታችን ስለ ቀልድ ነው ስላችሁ «ደግሞ ለቀልድ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል?» የምትሉ አትጠፉም። የምጽፈው ግን ስለ ተራ ጨዋታ አይደለም። በቴሌቪዥን፣ በጋዜጣ ሥዕልና በመጽሔት ሹሙን፣ ዳኛውን፣ የሃይማኖት አዋቂውን፣ ባለ ሥልጣኑን ስለሚነካ ቀልድ ነው። እኛ የዚህ ነገር ባለሙያዎች ባንሆንም ተመልካቾች ግን ነን። በረመዳን ስንቱን ድራማ ሳህን እያጠብን በጆሯችን፣ ሻይ እያመላለስን በዓይናችን ሰረቅ አድርገን አይተናል! ቤተሰቡ ሲስቅ እኛም ፈገግ እንላለን። በማን እንደተሳቀ ሳናውቅ የምንስቅበት ጊዜም አለ። እንግዲህ የዛሬው ጥያቄ ይኸው ነው፤ በማን ነው የሚሳቀው? ሳቁስ ማን ጋ ሲደርስ ነው የሚቆመው?

ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቁጥር ነው የጻፍኳቸው፤ ከዚህ አገር ነገር ጋር ለማስተያየት እንዲመቸን ብዬ ነው።

ይህ የምንኖርበት የምሥራቁ ክፍል በቴሌቪዥን ጉዳይ ከአገሩ ሁሉ ቀዳሚ ነበር። በ1955 ዳህራን በነበረው የአሜሪካ አየር ኃይል ጣቢያ ትንሽ ቴሌቪዥን ተጀመረ፤ በ1957 ደግሞ የነዳጁ ኩባንያ አራምኮ የራሱን ከፈተ። የመንግሥቱ ቴሌቪዥን በሪያድና በጅዳ የጀመረው ከዚያ በኋላ፣ በ1965 ነው። ያኔ ቴሌቪዥን ሐራም ነው ያሉ ሰዎች ተነሥተው ነበር፤ በግርግሩም ከንጉሣውያኑ ቤተሰብ አንድ ልዑል በጥይት ሞተ። ከ10 ዓመት በኋላ በ1975 ንጉሥ ፈይሰልን የገደለው የዚያ ልዑል ወንድም ነው። ይህን ማንሣቴ፣ ቴሌቪዥን እዚህ አገር ሲገባ ደም የፈሰሰበት ነገር መሆኑን እንድናውቅ ነው። በእንዲህ ያለ ሳጥን ውስጥ ቆሞ መቀለድ ደግሞ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ እናንተው ገምቱ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ደማምም ሆነ ኾበር ያለን ሁሉ ቢያንስ ስሙን ሰምተነዋል፤ ጣሽ ማ ጣሽ። ስሙ ከልጆች ጨዋታ የመጣ ነው፤ የለስላሳ ጠርሙስ ይናጥና ሲከፈት «ገነፈለ ወይስ አልገነፈለም?» ብለው የሚወራረዱበት ጨዋታ አለ። በ1993 በረመዳን በመንግሥቱ ቴሌቪዥን ተጀመረ። ዋናዎቹ ተዋናዮች ናስር አልቀሰቢና አብዱላህ አልሰድሓን ናቸው። ከዚያ በየረመዳኑ እስከ 2011 ድረስ 18 ዙር ተሠራ፤ መሀል ላይ ከመንግሥቱ ጣቢያ ወደ ኤምቢሲ ተዛወረ። በ2023 ደግሞ ከ12 ዓመት በኋላ ተመልሶ ለአንድ ረመዳን ታይቷል። እኔ አብዛኛውን ያየሁት በድጋሚ ሲያሳዩትና በስልኬ ነው፤ ሲጀመር እኔ አልተወለድኩም።

እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ታሪክ አለው። አንዱ ቀን ስለ መሥሪያ ቤት ነው፤ ባለጉዳዩ ወረቀቱን ይዞ ከክፍል ወደ ክፍል ሲንከራተት፣ ጸሐፊው «ቡክራ» እያለ ሲመልሰው። «ቡክራ»ን መቼም እኔና እናንተ በደንብ እናውቃታለን፤ ደመወዝ ስንጠይቅ የምትሰጠን መልስ ናት። ሌላው ቀን ስለ ዘመድ አሠራር ነው፤ እነሱ ዋስጣ የሚሉት። ሌላው ቀን ደግሞ ወንዶቻቸው ለጉዞ ሄደውባቸው፣ ያለ መሕረም ምንም ጉዳይ መፈጸም አቅቷቸው የሚንገላቱ ሴቶች ናቸው። ይህ የታየው ሴት መኪና መንዳት ከመፈቀዱ ብዙ ዓመት ቀድሞ ነው፤ መንዳት የተፈቀደው በ2018 ነው። በጎዳና ሰዉን ያስተካክሉ በነበሩት የሃይማኖት ፖሊሶችም ቀልደውባቸዋል።

የምሠራበት ቤት አያትየዋ የመሥሪያ ቤቱን ቀልድ ሲያዩ እንባቸው እስኪወርድ ይስቃሉ። የሃይማኖት ሰው የሚነካ ሲመጣ ግን «አስተግፊሩላህ» ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። ደግሞ ጣቢያውን አያስቀይሩም! እሳቸው ብቻ አይደሉም። በ2000 የአገሪቱ የፈትዋ ቋሚ ኮሚቴ ይህን ድራማ ማየት አይፈቀድም ብሎ ነበር። ድራማው ግን በሚቀጥለውም ረመዳን ቀረበ። ተዋናዮቹ የሞት ማስፈራሪያ ደርሷቸዋል፤ እነሱም ሥራቸውን ቀጠሉ።

ከእኛ ከተሞች ጋር የሚገናኘውን ላንሣ። በግንቦት 2004 ኾበር ውስጥ ታጣቂዎች የኩባንያ ቢሮዎችንና የውጭ አገር ሰዎች የሚኖሩበትን ግቢ ወረሩ፤ 22 ሰው ገደሉ። «የውጭ አገር ሰዎች» ሲባል ሁላችንም ነጭ ነው የሚታየን። ከሞቱት ውስጥ ግን የሚበዙት ለእንጀራ የመጡ ሕንዶች፣ ፊሊፒኖችና ስሪላንካዎች ነበሩ። እንደኛው ያሉ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2005 ረመዳን፣ ጣሽ ማ ጣሽ «የሽብር አካዳሚ» የሚል ክፍል አቀረበ። ያኔ ወጣቶች ዘፈን የሚወዳደሩበት ስታር አካዳሚ የሚባል ፕሮግራም ገንኖ ነበር፤ እነሱ በዚያው አምሳያ ፈንጂ የሚማሩ ተማሪዎችን አሳዩ። ሰው ገና ኀዘኑ ሳይወጣለት በገዳዮቹ መሳቅ ለእኔ መጀመሪያ ከብዶኝ ነበር። ደጋግሜ ሳየው ግን የሳቁት በሟቾቹ አይደለም፤ «እኛ ጀግና ነን» በሚሉት ነው። ፈሪ ሁሉ የሚፈራውን ሰው እንደ ሞኝ አድርጎ ማሳየት ትንሽ ነገር አይደለም።

በ2015ም እንዲሁ ሆነ። በግንቦት መጨረሻ፣ ዓርብ ቀን፣ እዚሁ ደማም አልዐኑድ ሰፈር መስጊድ ደጃፍ ላይ ፈንጂ የታጠቀ ሰው የሴት ልብስ ለብሶ መጥቶ ራሱን አፈነዳ፤ በሩ ላይ ሊያስቆሙት የሞከሩ ወጣቶች ሞቱ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓርብ ቀጢፍ አጠገብ ቁደይሕ ከ20 በላይ ሰው በመስጊድ ውስጥ ተገድሎ ነበር። ሁለቱንም አደረስኩ ያለው ዳኢሽ፣ እኛ አይሲስ የምንለው ነው። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ረመዳን ገባ። ናስር አልቀሰቢ «ሴልፊ» በሚባል አዲስ ድራማው ዳኢሽ ዘንድ የሄደ ልጁን ሊመልስ የሚከተል አባት ሆኖ ቀረበ። አሁንም አንገቱን እንቆርጣለን ብለው ዛቱበት። እኔ ይህን ሰው ባከብረው ይፈረድብኛል?

እህቶቼ፣ እዚህ ላይ ግን ቆም ብላችሁ አንድ ነገር አስተውሉ። በእነዚያ 18 ዙሮች ውስጥ ጸሐፊው ተሳቀበት፣ ሥራ አስኪያጁ ተሳቀበት፣ ዳኛው፣ ሸኹ፣ አሸባሪው፣ ነጋዴው፣ ባልየው ሁሉ ተሳቀባቸው። ንጉሡ ግን የሉበትም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን ተረታችንን እነሱ በአረብኛ ባያውቁትም ሥራው ላይ ታዩታላችሁ። ድራማው ሲጀመር ደግሞ ያሳየው የራሱ የመንግሥቱ ጣቢያ ነው። ለምን አሳየ? እኔ የመሰለኝን ልንገራችሁ። ሥጋ የሚቀቀልበት ያ የሚያፏጨው ድስት አለ አይደል? አናቱ ላይ ያለችው ቀዳዳ ብትደፈን ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ሕዝቡ በመሥሪያ ቤትና በዋስጣ የተቃጠለውን በዚያች ቀዳዳ እያስወጣ ይስቃል፤ ድስቱ ግን እሳቱ ላይ እንደተጣደ ነው። እንደዚህም ሆኖ ቀልዱ ዋጋ የለውም አልልም። መሕረም አጥታ የተንገላታችውን ሴት በ30 ደቂቃ ድራማ አይተው፣ እነዚህ ሰዎች በየመጅሊሳቸው ሲከራከሩ አድረዋል። ክርክሩ ራሱ ሳይኖር ይቀር ነበር።

ይህ የአረብ አገር ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በእኛም አገር የመጀመሪያው ቴአትር የፖለቲካ ቀልድ ነበር፤ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ የተማርነውን አስታውሱ። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉት «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው። እሳቸው ከዓድዋ ጦርነት በኋላ በልጅነታቸው ሩሲያ ሄደው የተማሩ ሰው ናቸው። ሲመለሱ በቤተ መንግሥቱ ያዩት ጉቦና ሥራ ፈትነት አናደዳቸው። ፊት ለፊት መናገር እንደማይቻል ያውቃሉ። ስለዚህ «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ነውና አውሬዎችን አናገሩ፤ መነሻ ያደረጉት ላ ፎንቴን የሚባለውን የፈረንሳይ ተረት ጸሐፊ ነው። ቴአትሩ አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ በመኳንንቱ ፊት ታየ። መኳንንቱ ደግሞ ቅኔ ሲፈቱ ያደጉ ሰዎች ናቸው፤ አውሬው ማን እንደሆነ ለማወቅ አልተቸገሩም። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ቴአትሩ ታገደ፣ የታተመውም ተሰበሰበ። ከዚያ በኋላ ቴአትር የሚባል ነገር ለዓመታት ጠፍቶ ቆየ፤ የተመለሰው በ1930 ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫን ጋር ነው።

እንግዲህ አስተያዩት። ሳዑዲዎቹ ንጉሥ ሳይነኩ 18 ዙር ሠሩ። የእኛው ሰው አውሬ ብቻ አናግረው አንድ ጊዜ ታዩና ተዘጋባቸው። ከዚያ ወዲህም በአገራችን ይህ ነገር ቀላል ሆኖ አያውቅም። አቤ ጉበኛ «አልወለድም» የሚለውን መጽሐፉን ጽፎ መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ። በእኛ ዘመን ደግሞ ግሩም ዘነበ ብቻውን መድረክ ላይ ወጥቶ የሚጫወተው «እያዩ ፈንገስ» አለ፤ ፌስታሉን ይዞ የሚዞር እብድ ነው። ጤነኛው የማይናገረውን እብዱ ይናገራል። ከፋቡላ እስከ እያዩ ፈንገስ ድረስ ብልሃቱ አንድ ነው፤ ወይ አውሬ፣ ወይ እብድ፣ ወይ ሰምና ወርቅ።

ተክለ ሐዋርያትን ገና አልጨረስኳቸውም፤ ወደ እንግሊዝ የሚያሻግሩን እሳቸው ናቸው። በ1935 ጣልያን አገራችንን ሊወር ጦሩን ሲያከማች፣ ጄኔቭ በነበረው የዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ ኢትዮጵያ የተከራከሩት እኚሁ የፋቡላ ደራሲ ናቸው። በዚያው ዓመት በነሐሴ፣ ለንደን የሚታተም «ፓንች» የሚባል የቀልድ መጽሔት አንድ ሥዕል አወጣ። እንግሊዝና ፈረንሳይ በሰው አምሳል ቆመው ሙሶሊኒን «ያስጠነቅቁታል»። ማስጠንቀቂያው ምን መሰላችሁ? ብትዋጋ ምናልባት አብረን ደብዳቤ ጽፈን ትንሽ ቅር እንዳለን እንገልጽልሃለን ነው ነገሩ! የተሳቀው በእኛ አይደለም፤ በጣልያንም ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው ሠዓሊ በገዛ መንግሥቱ ነው የሳቀው።

ጦርነቱ በጥቅምት ተጀመረ። በታኅሣሥ የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆር ከፈረንሳዩ ላቫል ጋር ሆነው የአገራችንን ትልቅ ክፍል ለጣልያን ለመስጠት በምስጢር ተስማሙ። ምስጢሩ በፓሪስ ጋዜጦች ወጣ፤ የእንግሊዝ ሕዝብ ተቆጣ፤ ሆርም ሥልጣኑን ለቀቀ። አዲስ አበባ ግን በግንቦት 1936 ተያዘች። ይህን የምለው ቀልድን ከሆነው በላይ እንዳናገዝፈው ነው። ሥዕሉ አንድም አውሮፕላን አላስቆመልንም። ነገር ግን ዛሬ ማንም ተነሥቶ «ያኔ እኮ አናውቅም ነበር» ሊል አይችልም፤ ወሩ ሳይደርስ በመጽሔት ተስሎ፣ ተሽጦ፣ ተስቆበታል።

የእንግሊዞቹን ነገር ያወቅሁት የቤቱ ትልቋ ልጅ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ተማሪ ስለሆነች ነው፤ ለፈተና ስታጠና እኔም አብሬ አየሁ። (በነገራችን ላይ በረመዳን ሊትር ሊትር የምንበጠብጠው ቪምቶም የእንግሊዝ ነው፤ በ1908 ማንቸስተር ተፈልስፎ አሁን እዚሁ ደማም ነው ጠርሙስ የሚገባው። ማን ያውቅ ነበር?) ፓንች በ1841 ተጀምሮ ከ150 ዓመት በላይ ቆይቶ የተዘጋ መጽሔት ነው። ከ1961 ጀምሮ እስካሁን የሚወጣ «ፕራይቬት አይ» የሚባልም አላቸው፤ ቀልድና የሹማምንት ምስጢር ቀላቅሎ ያወጣል፤ ባለሥልጣናትና ባለሀብቶች ስንት ጊዜ ፍርድ ቤት አቁመውታል። በቴሌቪዥን ደግሞ ከ1984 እስከ 1996 «ስፒቲንግ ኢሜጅ» የሚባል የአሻንጉሊት ትርኢት ነበራቸው። ጠቅላይ ሚኒስትሯን ማርጋሬት ታቸርን የወንድ ሱፍ አልብሰው ሚኒስትሮቿን ስታንቀጠቅጥ ያሳዩዋት ነበር። ንግሥቲቱም አሻንጉሊት ነበራቸው! ልጅቷ ይህን ስታሳየኝ እኔ ዞር ብዬ በሩን አየሁ፤ የሚያየን ሰው ያለ መስሎኝ። እሷ ሳቀችብኝ። ሰማዩ እነሱ ዘንድ ትንሽ ታርሷል ማለት ነው።

ይሁንና እንግሊዞቹን ለማመስገን አትቸኩሉ። በዚያው ቴሌቪዥን፣ በዚያው ዘመን፣ ሌላ ዓይነት ሳቅም ነበር። ከ1958 እስከ 1978 ድረስ፣ 20 ዓመት ሙሉ፣ ቢቢሲ ነጮች ፊታቸውን ጥቁር ቀለም ተቀብተው የሚዘፍኑበት ትርኢት ያሳይ ነበር፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ያየው ነበር። በ1977 ደግሞ «ማይንድ ዩር ላንጉጅ» የሚባል አስቂኝ ድራማ መጣ። ስደተኞች እንግሊዝኛ ሲማሩ ነው። ሕንዱ እንዲህ ይሳሳታል፣ ቻይናዊቷ እንዲያ ትሳሳታለች፣ ሰው ይስቃል። በጠቅላይ ሚኒስትሯ የሚስቀው አገር ቋንቋ ባልቻለ ስደተኛም ይስቃል ማለት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን መጣን። በዚህ በባሕረ ሰላጤው ድራማ ውስጥ የቤት ሠራተኛ ስትገባ ምን ሆና እንደምትገባ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። አረብኛዋ የተሰባበረ ነው። ወይ ትሰርቃለች፣ ወይ ድግምት ታደርጋለች፣ ወይ ከሹፌሩ ጋር ትጠፋለች። ስምም ብዙ ጊዜ የላትም፤ «ሸጋላ» ናት። በ2018 ረመዳን አንድ የኩዌት አስቂኝ ድራማ ተዋናዮቹን ጥቁር ቀለም ቀብቶ ሱዳኖችን ሰነፍ አድርጎ አሳየ። ሱዳኖች ዝም አላሉም፤ በየማኅበራዊ ገጹ ተቃውሞው ስለበዛ ዋናው ተዋናይ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ በፊት በ2010 ሌላ የኩዌት የካርቱን ፊልም የሞሮኮ ሴቶችን ስም የሚያጎድፍ ነገር አሳይቶ፣ ነገሩ መንግሥት ለመንግሥት ደርሶ የኩዌት ውጭ ጉዳይ ይቅርታ ብሏል። የእኛን ስም ሲያነሡ ማን ተናገረልን? በ2013 የእኛ ሴቶች ወደዚህ መምጣት ሲታገድና ወገኖቻችን በመቶ ሺህ ሲባረሩ እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ። ያኔ እዚህ የነበሩ ታላላቆቻችን የሚነግሩኝ፣ ልጆች ሳይቀሩ «ሐበሻ መጣች፣ ቢላዋ ደብቁ» እያሉ ይቀልዱባቸው እንደነበር ነው።

ልዩነቱን አያችሁ? ናስር አልቀሰቢ በአሸባሪ ሲቀልድ አንገቱን አስይዞ ነው። ተክለ ሐዋርያት በመኳንንት ሲቀልዱ ሥራቸውን ከስረዋል። በሸጋላ የሚቀልድ ሰው ግን ምንም አያስይዝም። ነገ ጠዋት ያቺው ሸጋላ ቁርሱን ታቀርብለታለች። ለእኔ የፖለቲካ ቀልድና ተራ ንቀት የሚለዩት እዚህ ላይ ነው። ንቀቱም በራሱ መንገድ ፖለቲካ ነው፤ ሰው «እነሱማ እንዲህ ናቸው» እያለ ሲስቅ ያደገበትን ነገር፣ ደመወዝ ሲከለክልም እንደ በደል አይቆጥረውም። ከጣሽ ማ ጣሽ ክፍሎች ውስጥ ራሱ ሁለቱም ዓይነት አለ፤ ስታዩ ለዩት።

አሁን የሚያስፈራውን ክፍል ልጻፍ፤ ይህን እንኳ ሌላውን ብትዘሉት አትዝለሉብኝ። ተዋናይ የሚቀልደው ጣቢያ፣ ፈቃድና ጠበቃ ይዞ ነው። እኛ ያለን ኢቃማ ነው፤ እሱም በከፊላችን እጅ ያለ። በዚህ አገር ከ2007 ጀምሮ የኢንተርኔት ወንጀል ሕግ አለ። በሕዝብ ሥርዓት፣ በሃይማኖትና በመልካም ጠባይ ላይ የሚደርስ ነገር አዘጋጅቶ ማሰራጨት እስከ 5 ዓመት እስርና እስከ 3 ሚሊዮን ሪያል ቅጣት ያመጣል። በመስከረም 2018 የመንግሥቱ ዐቃቤ ሕግ በግልጽ እንዳስታወቀው፣ የሕዝብን ሥርዓት የሚያውክ ምጸትና ፌዝም በዚሁ ይገባል። በወር 1000 ሪያል የምታገኝ እህት 3 ሚሊዮኑን ለመክፈል 250 ዓመት መሥራት አለባት፤ ምሳ ሳትበላ! «እኔ አልሠራሁትም፣ የላኩልኝን ነው ያስተላለፍኩት» ማለት ደግሞ አያድንም፤ ማስተላለፍ ማሰራጨት ነው።

ሌላው ስለ ካሜራ ነው። በስልክ ካሜራ የሰውን የግል ኑሮ መንካት በዚያው ሕግ እስከ 1 ዓመት እስርና እስከ 500 ሺህ ሪያል ያስቀጣል። አንዲት የማውቃት እህት ኾበር ትሠራ ነበር። ሰው ማስመሰል የተሰጣት ናት፤ ማዳሟ በስልክ እንዴት እንደምታወራ፣ እንዴት ቡና እንደምትጠጣ ስታሳያችሁ ሆዳችሁን ይዛችሁ ነው የምትስቁት። አንድ ቀን ቤተሰቡ ወጥቶ ሳለ መጅሊሱ ውስጥ የማዳሟን ትራስ ተደግፋ ራሷን ቀረጸችና ለሦስት ጓደኞቿ ላከች። ሦስቱ ለሦስት ላኩ። በ10ኛው ቀን ቪዲዮው በማዳሟ እህት ስልክ ላይ ነበር። አማርኛውን ማንም አልሰማም፤ ትራሱን ግን አወቁት። ስልኳ ተወሰደ፣ የሁለት ወር ደመወዟ ቀረ፣ በሳምንቱ አገር ቤት ገባች። ፖሊስ ጋ ያልሄዱት «ሐራም ነው፣ ልጆች አሏት» ብለው ነው። ሌላ ቤት ቢሆን አይታወቅም። ቀልዱ በእውነቱ ግሩም ነበር፤ ዛሬም ሳስበው እስቃለሁ። «ቀልድና ቅዘን ቤት ያጠፋል» የሚሉት አባቶቻችን ስልክ ሳያዩ ነው።

ታዲያ ዝም እንበል? እኔ እንደዚያ አላልኩም። እኛም እኮ የራሳችን ፋቡላ አለን። ዓርብ ስንገናኝ ማን ምን እንደሚል አስታውሱ። አንዷ ማዳሟን የምትጠራት «ደርግ» ብላ ነው፤ በር ሲቆለፍባት «ዛሬ ሰዓት እላፊ ታውጇል» ትለናለች። ሌላዋ የቤቱን ትንሹን ልጅ «ቀበሌ» ብላዋለች፤ ያየውን ሁሉ ሄዶ ሪፖርት ስለሚያደርግ። ደመወዝ ሲዘገይ «በጀቱ ገና ፓርላማ አልጸደቀም» የምትለውም አለች። ማንም ያልጻፈው፣ ማንም ያልቀረጸው ቀልድ ነው፤ ቤተሰቡ አጠገባችን ቁጭ ብሎ ብንነጋገርበት እንኳ ሰሙን ሰምተው ወርቁ አይገባቸውም። ጌታ የሚፈራበት፣ ሎሌ የሚስቅበት ነገር ከአገራችን ይዘነው የመጣነው ነው፤ አለቃ ገብረ ሐናን ያሳደገ አገር ነው የእኛ አገር።

ለሚቀጥለው እትም እንዲህ ያለ የቤት ውስጥ ስም ያላችሁ ጻፉና ዓርብ ስትመጡ በእጃችሁ ስጡኝ። የራሳችሁን ስም አትጻፉበት፣ የማዳምንም አትጻፉ፣ ሰፈሩንም ተዉት። በስልክ አትላኩልኝ፤ በወረቀት ነው የምቀበለው። «ደርግ» እና «ቀበሌ» ተይዘዋል፣ ሌላ ፈልጉ።